ማጉረምረሙን አይከልክሉት

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ ስለ ውሻ ሥልጠናና ስለ ውሻ ባሕርይ

ለዚህ ዕትም ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል ስድስቱን መርጫለሁ። ረዘም ያሉትን አሳጥሬ፣ የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚያሳውቀውን ነገር አውጥቼ አቅርቤያቸዋለሁ። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ደብዳቤ ሰፋ ያለ ቦታ የሰጠሁት ተመሳሳይ ችግር ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦች ብዙ ስለሆኑ ነው።

ጥያቄ፦ በአካባቢያችን አንድ የውሻ አሰልጣኝ አለ፤ ሌላው ደግሞ ራሱን የውሻ ባሕርይ ባለሙያ ብሎ ይጠራል። ውሻችን «ተቀመጥ» ሲባል ይቀመጣል፣ «ና» ሲባልም ይመጣል፤ እንግዳ በር ሲያንኳኳ ግን የሚይዘው የለም። ለየትኛው ባለሙያ ልንገር? ጥሩውንስ ከመጥፎው በምን እለየዋለሁ?

መልስ፦ ሁለቱ ሙያዎች ይቀራረባሉ፤ አንድ ሰውም ሁለቱንም ሊሠራ ይችላል። አሰልጣኝ በዋናነት ክህሎት ያስተምራል፤ መቀመጥን፣ ሲጠሩት መምጣትን፣ ገመድ ሳይጎትት ከሰው ጎን መሄድን። የባሕርይ ባለሙያ ግን ውሻው የሚያደርገውን ነገር ለምን እንደሚያደርገው ይመረምራል። የእርስዎ ውሻ ትእዛዙን ያውቀዋል፤ ስለዚህ የጎደለው ክህሎት አይመስለኝም። እንግዳ ሲመጣ በደስታ የሚዘል ውሻና እንግዳው እንዲርቅለት ፈልጎ የሚጮኽ ውሻ ለማያውቃቸው ሰው አንድ ይመስላሉ። የመጀመሪያው በሩ ሲከፈት ተቀምጦ መጠበቅን ቢማር ይበቃዋል። የሁለተኛው ችግር ፍርሃት ነውና የሚፈራውን ሰው ፊቱ አቁሞ «ተቀመጥ» ማለት ጭንቀቱን ያፍነዋል እንጂ አያስወግደውም። ስለዚህ በባሕርይ ላይ የሚሠራውን ባለሙያ ቢያነጋግሩ ይሻላል።

እኔ ወደ አንድ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ ውሻውን አልነካውም፤ ስሙንም አልጠራውም። ተቀምጬ ቤተሰቡን እጠይቃለሁ፦ ነገሩ መቼ ጀመረ? ከመሆኑ በፊት ባለችው ደቂቃ ምን ነበር? ከሆነ በኋላስ ውሻው ምን አገኘ፣ ወይም ከምን አመለጠ? በቀን ምን ያህል ይተኛል? ማን ያበላዋል፣ ማንስ ይቆጣዋል? ለቤተሰቡ ይህ ጊዜ ማባከን ሊመስል እንደሚችል አውቃለሁ፤ ሆኖም በሳምንት ውስጥ ካሉት 168 ሰዓታት ውሻው ከእኔ ጋር የሚሆነው አንዱን ብቻ ስለሆነ፣ ቀሪውን 167 ሰዓት አብሮት የሚያሳልፈው ሰው ካልተረዳ እኔ የምሠራው ሥራ የትም አይደርስም።

ከእኔ በፊት ግን የእንስሳት ሐኪም ሊያየው ይገባል። በእንግሊዝ የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪው ዳንኤል ሚልስና ባልደረቦቹ በ2020 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ለባሕርይ ችግር ወደ እነርሱ ከሚላኩት እንስሳት መካከል ቢያንስ ሲሶ በሚሆኑት ላይ የሕመም ስሜት እንደሚገኝ ገምተዋል። የመገጣጠሚያ፣ የጥርስ ወይም የጆሮ ሕመም ያለበትን ውሻ «ተናካሽ» ብሎ ማሠልጠን ትልቅ በደል ነው።

ባለሙያ ስለ መምረጥ፦ በአብዛኞቹ አገሮች ማንም ሰው ተነሥቶ ራሱን የውሻ አሰልጣኝ ብሎ ሊጠራ ይችላል፤ ስለዚህ መጠየቅ የእርስዎ ድርሻ ነው። «ውሻዬ ሲሳሳት ምን ታደርጋለህ? በትክክል ሲሠራስ?» ብለው ይጠይቁት፤ መልሱ ግልጽና ዝርዝር ካልሆነ ይለፉት። ውሻዎን ለብቻው ወስዶ በሁለት ሳምንት አስተካክሎ እንደሚመልስልዎ ዋስትና የሚሰጥዎትን፣ ሲሠራም እንዲያዩ የማይፈቅድልዎትን አይቅጠሩ። በፖርቱጋል በ92 ውሾች ላይ ተደርጎ በ2020 የታተመ ጥናት፣ በቅጣትና በማስደንገጥ የሚሠለጥኑ ውሾች በሽልማት ከሚሠለጥኑት ይልቅ በሥልጠና ላይ ብዙ የጭንቀት ምልክት እንደሚያሳዩና ከሥልጠና በኋላም በምራቃቸው ውስጥ ያለው ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ከፍ እንደሚል አሳይቷል። እኔም በሥራዬ ያየሁት ከዚህ የተለየ አይደለም።

ጥያቄ፦ የ3 ዓመት ውሻ አለን። አጥንት እየጋጠ ሳለ የ5 ዓመት ልጄ ስትጠጋው አጉረመረመባት። ባለቤቴ አፍንጫውን መትቶ አጥንቱን ነጠቀው፤ ከዚያም በኋላ ማንነቱን እንዲያውቅ እያለ ምግቡን እየደጋገመ መቀማት ጀመረ። ማጉረምረሙ በእርግጥ ቆመ። ባለፈው ሳምንት ግን ምንም ድምፅ ሳያሰማ ወደ ልጄ እጅ ተወረወረ፤ ጥርሱ ነካት እንጂ ቆዳዋን አልበሳም። ውሻው ከፋብን ማለት ነው?

መልስ፦ ውሻው አልከፋም፤ ማስጠንቀቂያው ተወሰደበት። ማጉረምረም ውሻ ሳይነክስ ነገሩ እንዲያልፍ የሚጠቀምበት ቋንቋ ነው። «ተጨንቄያለሁ፣ እባክህ ራቅ በል» ማለቱ ነው። በዚህ ድምፅ ሲመታ የሚማረው አጥንቱ የእርሱ አለመሆኑን ሳይሆን ድምፅ ማሰማት እንደሚያስመታ ነው፤ ስጋቱ ግን እንዳለ ይቀራል። እንዲያውም «ሰው ሲመጣ ምግቤን ይወስዳል» ብሎ የጠረጠረው ነገር በባለቤትዎ እጅ በየቀኑ ተረጋግጦለታል። ባለቤትዎ ይህን ያደረጉት ልጃቸውን ለመጠበቅ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ብዙ አባቶች የሚያደርጉት ነው። ውጤቱ ግን ከታሰበው ተቃራኒ ሆኗል።

በቅርቡ ተመሳሳይ ችግር ያለበትን አንድ ውሻ ከክፍሉ ማዶ ተቀምጬ ተመልክቼዋለሁ። አጥንቱን በሁለት የፊት እግሮቹ ይዞ ሲጋጥ የጥርሱ ድምፅ ይሰማ ነበር። የቤቱ ባለቤት አራት እርምጃ ያህል ሲቀራቸው ድምፁ ቆመ። አፉ አጥንቱ ላይ እንዳለ ቀረ፣ ራሱ ዝቅ አለ፣ መላ ሰውነቱ እንጨት ሆነ። ራሱን ሳያዞር ዓይኖቹን ብቻ ወደ ሰውየው ስላሻገረ በዓይኑ ጠርዝ ነጩ እንደ ጨረቃ ታየ። ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ተለጠፉ፣ የከንፈሩ ጫፍ ተወጠረ። ይህ ሁሉ የሆነው በሁለት ሰከንድ ውስጥ ነው፤ ማጉረምረሙ የመጣው ከዚህ በኋላ ነበር። ቤተሰቡ «ድንገት አጉረመረመ» ብለው ነበር የነገሩኝ። ድንገት አልነበረም፤ ሲያወራ ቆይቶ ስላልተሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ። ሰውየው እዚያው እንዲቆሙ ጠየቅኋቸው፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲሉ ውሻው ትንፋሹን አውጥቶ እንደገና መጋጥ ጀመረ።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የምለምንዎት ይህ ነው። ውሻውና ልጅዎ አዋቂ ሳይኖር በአንድ ክፍል እንዳይቀሩ፤ ውሻው ምግቡንም አጥንቱንም የሚበላው በር በሚዘጋበት ወይም አጥር በሚለየው ቦታ ይሁን፣ እስኪጨርስም ማንም አይጠጋው። ልጅ ሁልጊዜ ቃልዋን ትጠብቃለች ብለን የምንተማመንበት ዕድሜ 5 ዓመት አይደለም፤ ስለዚህ ጥበቃው በበር እንጂ በምክር ብቻ ሊሆን አይገባም። ምግብ መቀማቱም ከዛሬ ጀምሮ ይቁም።

የማስተማሩ ሥራ የአዋቂዎች ብቻ ነው፤ በመጀመሪያ ጊዜ ባለሙያ አጠገባችሁ ቢኖር እመክራለሁ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የሰው መቅረብ የመነጠቅ ምልክት መሆኑ ቀርቶ የተሻለ ነገር የሚመጣበት ምልክት እንዲሆን ማድረግ። ውሻው ተራ ምግቡን እየበላ ሳለ፣ ሰውነቱ ሳይደርቅ ሊታገሥ በሚችልበት ርቀት ያልፋሉ፤ እያለፉም ከሚበላው እጅግ የሚወደውን ቁራሽ ሥጋ ይወረውሩለትና ሳይቆሙ ይሄዳሉ። ይህን በየቀኑ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይደጋግሙ። ከቀናት በኋላ ውሻው ሲያይዎት ራሱን ቀና አድርጎ ጭራውን ለዘብ አድርጎ እየቆላ ቁራሹን ሲጠብቅ ያዩታል፤ ያን ጊዜ ግማሽ እርምጃ ይቅረቡ። መብላቱን ካፈጠነ፣ ከደረቀ ወይም ካጉረመረመ ተቻኩለዋልና ሳይቆጡ ወደ ቀድሞው ርቀት ይመለሱ። ከሳምንታት በኋላ ዕቃ በዕቃ መለዋወጥ ይቻላል፦ የተሻለውን ይሰጡታል፣ የያዘውን ያነሣሉ፣ አይተው መልሰው ይሰጡታል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው መመለሱን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚልቀው እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም ሰጥቶ የማያጣ ውሻ ከሰው የሚከላከለው ነገር የለውም።

እስከዚያው ድረስ ቅርጫት መሰል የአፍ መከለያ ቀስ ተብሎ ሊለምድ ይችላል፤ አፉን ከፍቶ ሊያለከልክና ውኃ ሊጠጣ የሚያስችለው ዓይነት መሆን አለበት። የውሻ ጥርስ የሰውን ቆዳ ከበሳ ወይም ከቧጨረ ደግሞ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የማይድን ሲሆን፣ ሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶው የሚተላለፈው በውሻ ነው፤ በጊዜ የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል። የልጅዎን እጅ በደንብ አይተው ጭረት ካለ ዛሬውኑ ለሐኪም ያሳዩ።

ጥያቄ፦ ወደ ሥራ ሄጄ ስመለስ ውሻዬ በሩን ቦጫጭሮ፣ መጋረጃውን ቀዳዶ አገኘዋለሁ። ጎረቤቶችም ቀኑን ሙሉ ያላዝናል ይላሉ። ጥፋቱን እንደሚያውቅ እርግጠኛ ነኝ፤ ገና ስገባ ጆሮውን ጥሎ፣ ጭራውን ሸጉጦ ከወንበር ሥር ይገባል። እልኽ የያዘው ይመስለኛል።

መልስ፦ «ጥፋቱን ያውቃል» የሚለውን ነገር በትዕግሥት እንድናየው እፈልጋለሁ። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባሉ ተመራማሪ በ2009 ባሳተሙት ሙከራ፣ የውሾች ባለቤቶች ከክፍሉ ሲወጡ የተከለከለውን ምግብ አንዳንዶቹ ውሾች በሉ፣ አንዳንዶቹ አልበሉም፤ ለባለቤቶቹ ግን ሁልጊዜ እውነቱ አልተነገራቸውም። ያ «የጥፋተኛ ፊት» የምንለው ነገር የታየው ውሻው በማጥፋቱ ሳይሆን ባለቤቱ በመቆጣቱ ነበር፤ ምንም ሳያጠፉ የተቆጡት ውሾችም ያንኑ ፊት አሳይተዋል። የእርስዎ ውሻም ከወንበር ሥር የሚገባው የእርስዎን ፊትና አረማመድ አይቶ ነው። ከሦስት ሰዓት በፊት ከቀደደው መጋረጃ ጋር ቁጣዎን አያገናኘውም፤ የሚያገናኘው ከመምጣትዎ ጋር ነው። እንግዲህ ይህ ውሻ ሲሄዱም ይጨነቃል፣ ሲመጡም ይፈራል ማለት ነው።

መጀመሪያ ስልክዎን ወይም ካሜራ አስቀምጠው ይቅረጹት። ብቻውን መቅረት የማይችል ውሻ ጭንቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ በወጣ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይጀምራል፦ ይንጎራደዳል፣ ያለከልካል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ የሚወደውን ምግብ እንኳ አይነካም፤ የሚቦጭቀውም በርና መስኮትን ነው። በሩን መቦጨቁና ማላዘኑ ወደዚህ ያመለክታሉ፤ ተኝቶ ቆይቶ ተነሥቶ ጫማ የሚያኝክ ውሻ ግን የሰለቸው ነው፣ መፍትሔውም ሌላ ነው።

ጭንቀት ከሆነ ሥራው ብቻ መሆንን በጣም ትንሽ በትንሽ ማስለመድ ነው። ቁልፍ ማንሣትዎና ጫማ ማድረግዎ አስቀድሞ የሚያስጨንቁት ከሆነ፣ ሳይወጡ ቁልፉን አንሥተው መልሰው ይቀመጡ፤ ይህን ነገሩ ትርጉም እስኪያጣ ድረስ ይደጋግሙ። ከዚያ በሩን ከፍተው ይዝጉ፤ ከዚያ ለ5 ሰከንድ ይውጡና ሳይጨነቅ ይመለሱ። ጊዜው እየጨመረ ይሄዳል፤ ሆኖም አንዴ 40 ሰከንድ፣ አንዴ 15፣ አንዴ 50 እያሉ እንጂ ሁልጊዜ ወደ ላይ ብቻ አይሁን። በልምምዱ ወራት ውሻው ከሚችለው በላይ ብቻውን ከቀረ የተማረው ይፈርሳል፤ ስለዚህ ወደ ሥራ በሚሄዱበት ሰዓት ዘመድ ወይም ጎረቤት አብሮት እንዲቀመጥ መለመን ሊኖርብዎት ነው። ይህ ከባድ መሆኑን ስለማውቅ አቅልዬ አልነግርዎትም። በብረት ሳጥን መዝጋት ግን ጥርሱንና ጥፍሩን እስኪሰብር የሚያታግለው ሊሆን ስለሚችል አይሞክሩት። ሁለተኛ ውሻ ማምጣትም ብዙ ጊዜ አይረዳም፤ የሚናፍቀው እርስዎን ነውና።

መድኃኒት እንደ ሽንፈት እንዳይታይ እፈልጋለሁ። በአሜሪካ ክሎሚፕራሚን በ1998፣ ፍሉኦክሴቲን ደግሞ በ2007 ለዚሁ የውሾች ችግር የተፈቀዱ ሲሆን ሁለቱም የሚሰጡት ከባሕርይ ሥልጠና ጋር ተጣምረው ነው። ይህን የሚወስነው የእንስሳት ሐኪም ብቻ ነው፤ የሰውን መድኃኒት በግምት መስጠት ሊገድለው ይችላል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ውሻ የተኩላ ዘር ስለሆነ የበላይነትህን ካላሳየኸው ይሠለጥንብሃል፣ መሬት ላይ ገልብጠህ ያዘው ይለኛል። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ እባክዎ አይገልብጡት። የፈራ ውሻ ሰውን ፊቱ ላይ የሚነክሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ሁኔታ ነው። አስተሳሰቡ የመጣው ተመራማሪው ሩዶልፍ ሼንክል በ1947 በባዝል የእንስሳት ማቆያ ውስጥ በታጎሩ ተኩላዎች ላይ ካደረጉት ጥናት ነው። የተኩላ ተመራማሪው ዴቪድ ሜች በ1970 ባሳተሙት መጽሐፍ ሐሳቡን አስፋፉት፤ በኋላ ግን በነፃነት የሚኖሩ ተኩላዎችን ለዓመታት ተከታትለው፣ መንጋው በአብዛኛው አባት፣ እናትና ልጆቻቸው ያሉበት ቤተሰብ እንጂ በጠብ የተመሠረተ ሥልጣን እንዳልሆነ በ1999 ራሳቸው ጽፈዋል። ያስተማሩትን ነገር ማስረጃ ሲያገኙ በአደባባይ ማረማቸውን እጅግ አከብራለሁ። ገመድ የሚጎትት ውሻ ዙፋን አይመኝም፤ ጎትቶ ወደ ፈለገው ዛፍ ስለደረሰ ነው የሚጎትተው። ገመዱ ሲወጠር ይቁሙ፣ ሲላላ ይራመዱ፤ በዚህ ብቻ ብዙ ይለወጣል። መጀመሪያ ላይ መጎተቱ ሊብስ ይችላል፤ እስከ ዛሬ የሠራው ነገር ለምን እንዳልሠራ እየፈተነ ነውና በዚያች ጊዜ ተስፋ አይቁረጡ።

ጥያቄ፦ የ7 ሳምንት ቡችላ ልቀበል ነው። ሥልጠና በ6 ወር ይጀመራል ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ እስከዚያ አይጠብቁ። ተመራማሪዎቹ ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር በ1965 ያሳተሙት ረጅም ጥናት ካሳየን ጀምሮ፣ ቡችላ ዓለምን ያለ ብዙ ፍርሃት የሚቀበልበት ጊዜ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት አካባቢ መሆኑ ይታወቃል። በዚህ ጊዜ ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰው፣ ጃንጥላ፣ የመኪና ድምፅ በቀስታ ሊያይና ሊሰማ ይገባል፤ ክትባቱ ስላላለቀ መሬት ሳያስነኩት በክንድዎ ተሸክመው ያሳዩት። ማየት ማለት ግን በሰው እጅ መገፋት ማለት አይደለም፤ ራሱን ካዞረ ወይም ከደበቀ ይራቁለት። 8 ወር ገደማ ሲሆነው ደግሞ የተማረውን የረሳ ይመስላል። ጉርምስና ነው፣ ያልፋል።

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ወጣት ነኝ። ውሾችን እወዳለሁ፤ ይህን ሙያ መማር እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር? ፍቅር ብቻውን ይበቃል?

መልስ፦ ፍቅሩ ያስፈልጋል፤ ይህ ሥራ ግን ከውሻ ይልቅ ሰውን መታገሥ ይጠይቃል። አንድ አባት ውሻቸውን በመምታታቸው እንዳጠፉ ስትነግራቸው ሳያፍሩ እንዲሰሙህ አድርጎ መናገር ትእዛዝ ከማስተማር ይከብዳል። የመማር ሕግጋትን፣ ማለትም እንስሳ ከሚደርስበት ነገር እንዴት እንደሚማር አንብብ፤ ይህን ያጠኑት ሳይንቲስቶች ፓቭሎቭ፣ ቶርንዳይክና ስኪነር ያገኙት ነገር ዛሬም የዕለት መሣሪያችን ነው። ከአንድ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ለጥቂት ወራት አግዝ። የተረጋጋ ባለሙያ ፈልገህ ሥራውን ተመልከት፤ ያስቸገረውን ጉዳይ ወደ ሌላ የሚመራ ከሆነ እርሱን ያዝ።

ገንዘብ የማይጠይቀውን ልምምድ ግን ዛሬ ልትጀምር ትችላለህ። ደብተርና እርሳስ ይዘህ አንድን ውሻ ከሩቅ ለግማሽ ሰዓት ተመልከት፤ ዓይንህ ያየውንም ብቻ ጻፍ። «ተቆጣ»፣ «ተደሰተ»፣ «አፈረ» ብለህ የጻፍህበትን ቦታ ሁሉ ሰርዝና ጆሮው የት እንደነበር፣ ጭራው ምን ያህል ከፍ እንዳለ፣ አፉ ተከፍቶ ወይስ ተዘግቶ እንደነበር፣ ከዚያ በፊት ማን እንዳለፈ በምትኩ ጻፍ። የመጀመሪያው ቀን ገጽህ ግማሹ የተሰረዘ ይሆናል። ከአንድ ወር በኋላ የሁለቱን ቀን ገጾች ላክልኝ፤ አንብቤ እመልስልሃለሁ።